«ተመስገን» ብለን የምናልፈው ነገር፦ ስለ ምስጋና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካህን አይደለሁም፤ ባሕር ዳር ውስጥ በጽዋ ማኅበር፣ ቡና ላይና በጣና ሐይቅ ወደ ዘጌ ገዳማት በሚሄደው ጀልባ ላይ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎችን ነው የሰበሰብኩት።

እግዚአብሔርን ማመስገን ምን ማለት ነው? «ተመስገን» ማለት ብቻ አይበቃም?

ካሰቡበት ይበቃል። ቃሉን ራሱን ቆም ብለን እንየው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ስንል ስለ እሱ ለሌላ ሰው እያወራን ነው። «ተመስገን» ስንል ግን ለራሱ ነው የምንናገረው፤ «አንተ ተመስገን» ማለት ነው። ጎረቤት በአጥር ላይ «እንዴት አደርክ?» ሲለን «ተመስገን» ብለን ስንመልስ፣ ወሬውን በመሃል አቋርጠን ወደ ላይ አንድ ቃል ልከን ተመልሰናል። ጎረቤትም አይቀየምም፤ ለምዶታል።

ችግሩም መልመዱ ነው። ባለፈው አንዱን ባጃጅ ሾፌር «ሥራ እንዴት ነው?» አልኩት። «ተመስገን! ቤንዚን የለ፣ ሰው የለ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል» አለኝ በአንድ ትንፋሽ። ተመስገኗ ከሰላምታ አላለፈችም። እኔም ስንት ጊዜ እንደዚያው እላለሁ። ቃሉ ምስጋና የሚሆነው ከአፍ ሲወጣ የተሰጠን ነገርና ሰጪው አብረው ትዝ ሲሉን ነው።

ምስጋናና ውዳሴ አንድ ናቸው?

በአማርኛ ድንበራቸው ስስ ነው። መምህሩ ተማሪውን «አመሰገነው» ስንል አወደሰው ማለታችን ነው። እንግዳ የቤቱን እመቤት «አመሰገናት» ስንል ደግሞ ስለ መስተንግዶዋ ነው። ለእግዚአብሔርም ሁለቱን እናደርጋለን፤ ስላደረገልንም፣ ስለ ማንነቱም። መላእክት «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» ሲሉ የተደረገላቸውን እየቆጠሩ አይደለም። ለጀማሪ ግን ከተደረገለት መጀመር ይቀላል።

በየቀኑ ምን ብዬ ላመስግን? ቃል ያጥረኛል።

ቃል የሚያጥረን በጅምላ ስለምናመሰግን ይመስለኛል። «ስላደረግህልኝ ሁሉ ተመስገን» ሁሉን ይይዛል፤ ግን አንዱንም አያስታውስም። እናቴ ማታ ሲኒ እያጠበች በጣቷ ትቆጥራለች። «ውሃ መጣ። ልጁ ከትምህርት ቤት በሰላም ገባ። ጉልበቴ ደረጃው ላይ አልያዘኝም። ያቺ ሴትዮ ሰላም አለችኝ።» አምስተኛው ጣት ላይ ስትደርስ አንዳንዴ ትጠፋባታለች። ሲኒውን ይዛ ትቆማለች፤ ታስባለች። ያቺ ቆም ያለችባት ደቂቃ ከአራቱ ሁሉ የምትበልጥ ጸሎት ትመስለኛለች።

ረጅም ጸሎት የሚሆንለት ሰው ዳዊቱ አለለት፣ ውዳሴ ማርያሙ አለለት። የማይሆንለት ግን በጣቱ ይጀምር።

በላቤ ያገኘሁትን ለምን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ?

ይህን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ወጣቶች ናቸው። ጥያቄው አያስቆጣም። ኦሪት ዘዳግምም ያውቀዋል፤ ምዕራፍ 8 ላይ «ጉልበቴ፣ የእጄም ብርታት ይህን ሀብት አመጣልኝ» የሚለውን የልብ ንግግር አስቀድሞ ጠቅሶ፣ ጉልበቱንስ ማን ሰጠህ ይላል። ላብህን አይክድም። ላቡ ከየት መጣ ነው ጥያቄው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ምስጋናው የታዘዘው ደግሞ በልተው ከጠገቡ በኋላ ነው። ስንራብማ ማን ይረሳል።

ዘጌን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም። ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው በአቡነ በትረ ማርያም ጸሎት የተሰጡ ናቸው ይላል ትውፊቱ። ታዲያ የዘጌ ሰው አይለፋም? ይለፋል እንጂ! ቡና ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ተሸክሞ ጀልባ የሚጭነው እሱ ነው። ልፋቱም ስጦታውም በአንድ ጆንያ ውስጥ ነው ያሉት።

ቅዳሴ ላይ የምስጋናው ክፍል የቱ ነው?

ሁሉም ነው ማለት ይቻላል። የቁርባኑ ጸሎት ራሱ በግዕዝ «አኰቴተ ቁርባን» ይባላል፤ አኰቴት ምስጋና ነው። ጌታ ጽዋውን አንሥቶ አመስግኖ የሰጣቸው አልፎ በሚሰጥባት ሌሊት ነበር፤ ማቴዎስ 26 ላይ አለ። የሚጠብቀውን እያወቀ ነው ያመሰገነው።

ተለይቶ የሚታወቀው ግን «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ የሚጀምረው ጸሎት ነው፤ መልካም ያደረገልንን እናመስግነው ማለት ነው። ቀጥሎ ምክንያቱን ይደረድራል፦ ሠወረነ፣ ረድአነ፣ ዐቀበነ። ጋርዶናል፣ ረድቶናል፣ ጠብቆናል። እያለ ሄዶ «እስከ ዛቲ ሰዓት» ላይ ይደርሳል፤ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናል። የእናቴን ጣት አስታወሰኝ። ከንባቡ በፊት የሚጸለይ ስለሆነ፣ እንደ እኔ ወንጌል ሊነበብ ሲል በር ላይ ጫማ የሚያወልቅ ሰው ያመልጠዋል።

ሐኪም አድኖኝ፣ ሰው ረድቶኝ ለእግዚአብሔር ባመሰግን ሰውየውን መበደል አይሆንም?

ሰውየውን ሳያመሰግኑ ከሄዱ ይሆናል። አንዳንዱ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ያደረችለትን ነርስ ቀና ብሎ ሳያይ «እግዚአብሔር ነው ያዳነኝ» እያለ ይወጣል። መንፈሳዊነት ሳይሆን ውለታ መብላት ነው።

የእኛ ቋንቋ ይህን ከጥንት ፈትቶታል። «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። እኔ የምከፍልህ የለኝም፣ እሱ በእኔ ፈንታ ይስጥህ ማለት ነው። በአንዲት ሐረግ ሰውየውም ተመስግኗል፣ እግዚአብሔርም ገብቶበታል። ልጆቻችን «ቴንኪው» ቢሉ አልከፋም፤ ይቺን ግን እንዳይጥሏት እፈልጋለሁ።

ስለት ከእግዚአብሔር ጋር መነገድ አይደለም?

ሊሆን ይችላል። «ይህን ካደረግህልኝ ይህን እሰጥሃለሁ» ብሎ ሰጥቶ፣ እጁን አራግፎ የሚሄድ ነግዷል። ሂሳብ ተዘጋ።

ሐናን ተመልከቱ። ልጅ ቢሰጣት መልሳ ልትሰጠው ተሳለች። ሳሙኤል ተወለደ፣ ጡት ጣለ፣ ወደ ሴሎ ወሰደችው። ያ የታወቀው የምስጋና ጸሎቷ (1ኛ ሳሙኤል 2) የመጣው ልጁን በታቀፈችበት ቀን አይደለም፤ ትታው በምትመለስበት ቀን ነው። ነጋዴ ቢሆን ያን ቀን ያዝናል፤ ዕቃው ወጥቶበታላ። እሷ ግን ዘመረች። ስለት ምስጋና መሆኑ የሚታወቀው ከተከፈለ በኋላ ሰውየው በሚሆነው ነው።

የተሳልኩት ደርሶልኛል፤ አሁን ግን አቅሙ የለኝም። ምን ላድርግ?

አትደበቁ። ብዙ ሰው ስለቱን ማስገባት ሲያቅተው በዚያ ቤተ ክርስቲያን ማለፍ ይፈራል፤ ንግሡንም ይቀራል። መጽሐፈ መክብብ «ተስለህ የማትፈጽም ከሆነ ባትሳል ይሻላል» የሚለው ለሚዋዛ ሰው ነው። ለድሀው ግን ዘሌዋውያን 27 ላይ ሌላ መንገድ አለ፦ የተሳለው ሰው ለግምቱ ካልደረሰ፣ ካህኑ እንደ ሰውየው አቅም ይገምትለት ይላል። ስለዚህ ወደ ንስሐ አባት መሄድ ነው። «አባቴ፣ መጋረጃ ተስዬ ነበር፤ የአሁኑ ዋጋ አይቀመስም» ማለት ነውር የለውም።

እመቤታችንም ልጇን ይዛ ቤተ መቅደስ ስትገባ ያቀረበችው የድሀ መሥዋዕት ነበር፤ ጥንድ ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩቶች። ለበግ አቅም ላጣች እናት የተፈቀደው እሱ ነበር።

ሴት ነኝ፤ ስለቴ ለክብራን ገብርኤል ነው። እንዴት ላስገባ?

ክብራን ገብርኤልም ዳጋ እስጢፋኖስም ሴት የማይገባባቸው የጣና ደሴት ገዳማት ናቸው። ስለቱ ግን በወንድም፣ በባል ወይም በሚታመን ሰው እጅ ይሄዳል። እህቴ፣ ገብርኤልን የለመንሽው ከቤትሽ ሆነሽ ነበር እኮ። ያኔ ከሰማሽ አሁንም ይሰማሻል።

ደርሶልኝ ረሳሁት። ዓመት ካለፈ በኋላ ማመስገን ይቻላል?

ይህን የምመልሰው በራሴ ነው። ከዘጌ ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጣና ጠዋት ዘይት የፈሰሰበት መስሎ ይተኛል፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ሌላ ነው። ሞገዱ ጀልባችንን ከጎን ይመታት ጀመር። ከአጠገቤ ጌሾ ይዛ ገበያ የምትሄድ ሴትዮ ጆንያውን በሁለት እግሯ ጠርንፋ ይዛ፣ ዐይኗን ጨፍና «ኪዳነ ምሕረት፣ ኪዳነ ምሕረት» ትላለች። ጆንያው ረጥቧል። እኔ ዋና አልችልም። ዘጌ ላለችው ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ሁለት ደርዘን ጧፍ ተሳልኩ። ወደብ ስንደርስ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ወረድኩና መጀመሪያ የፈለግሁት ቡና ነበር። ጧፉን ያስታወስኩት ከዓመት ከስምንት ወር በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ ስፈልግ ነው።

ሉቃስ 17 ላይ አሥር ለምጻሞች ነጽተው አንዱ ብቻ ተመለሰ፤ እሱም ሳምራዊ ነበር። ጌታ «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» አለ። ዘጠኙን ስንወቅስ የምንዘነጋው ነገር አለ፤ እነሱ የታዘዙትን ነበር የሚያደርጉት። «ሂዱ፣ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ተብለዋል፤ ሄዱ። እንደ እኛ አነጋገር ቤተ ክርስቲያን ነው የሄዱት! ሳምራዊውን የለየው መንገዱን አቋርጦ መመለሱ ነው። በዘጌ ጀልባም የማየው ይህንኑ ነው። ጠዋት ስንሄድ ሁሉም ዳዊት ይዟል፣ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ስንመለስ ሞገድ ካልተነሣ በቀር ሁሉም ተኝቷል።

ይቻላል ወይ ለሚለው፦ ጧፉን ይዤ ሄድኩ። የተቀበሉኝ አባት ስለ መዘግየቴ ስናዘዝ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ ጧፉን ቆጠሩት። «ሃያ ሦስት ነው» አሉኝ። አንዷ ጀልባው ላይ ሳትወድቅብኝ አልቀረችም።

የተደረገልኝን በአደባባይ መመስከር ግዴታ ነው? አፍራለሁ።

ንግሥ ላይ ካህኑ በማይክ «ልጅ ሰጥታኝ ብለው ጥላ አስገብተዋል» ሲሉ የሚነሣው እልልታ ደስ ይላል። ልጅ ያጣች ሌላ ሴት እዚያ ቆማ ትሰማለች፤ ተስፋ ይዛ ትሄዳለች። ግን ደግሞ እልልታውን ስትሰማ የምታለቅስም አለች። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ወንጌሉም ሁሉንም አንድ ዓይነት አላዘዘም። ማርቆስ 1 ላይ የነጻውን ለምጻም «ለማንም እንዳትናገር» አለው። ምዕራፍ 5 ላይ አጋንንት የወጡለትን ሰው «ወደ ቤትህ ሂድ፣ ጌታ ያደረገልህን አውራላቸው» አለው። የምታፍር ከሆነ ከቤት ጀምር፤ ለእሱም የተባለው ቤትህ ነው። በተረፈ ዝክር ማውጣትም ምስክርነት ነው። በኦሪት የምስጋና መሥዋዕት ሥጋ በዚያው ቀን መበላት ነበረበት፤ ለነገ ማሳደር ክልክል ነው (ዘሌዋውያን 7)። አንድ ሰው በሬ በአንድ ቀን አይጨርስም። እኔ እንደሚገባኝ፣ ጎረቤት ሳይጠሩ ማመስገን እንዳይቻል የተሠራ ሕግ ነው። «ጠበል ጻዲቅ ቅመሱ» የሚለው የእኛ ጥሪ ለእኔ የዚያ ዘመድ ነው።

ልቤ ሳይሰማው ባመሰግን ግብዝነት አይሆንም?

ለሰው ለማሳየት ከሆነ፣ አዎ። ብቻችሁን ሆናችሁ ልባችሁ ደረቅ እያለ «ተመስገን» ብትሉ ግን ግብዝነት አልለውም። የታመመ ሰው ምግብ ሳያምረው ይጎርሳል። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ምንም አይሰማኝም፤ ግን አንተ ነህ ያደረግኸው» ማለት እውነት ነው። ሐሰት የሚሆነው የማይሰማንን ስሜት እንደሚሰማን አድርገን ስናወራ ነው።

«ከእኔ የባሰም አለ» ብሎ ማመስገን ትክክል ነው?

ሁላችንም እንለዋለን። በአስፋልቱ ዳር የተኛውን አይተን «ተመስገን፣ እኔስ ቤት አለኝ»። ለአፍታ ዐይን ይገልጣል፣ ክፉ አይደለም። ግን አደገኛ ነገር አለበት። ወንጌል ውስጥ በስም ተጠቅሳ የተነቀፈች አንዲት ምስጋና አለች፤ ሉቃስ 18 ላይ የፈሪሳዊው፦ «እንደ ሌላ ሰው ሁሉ... ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ።» ቃሉ «አመሰግንሃለሁ» ነው። ቀራጩን በዐይኑ እየለካ ነው ያመሰገነው።

እኔ የማደርገው መለኪያ ይህ ነው፦ ያ የባሰበት ሰው አጠገቤ ቆሞ ምስጋናዬን ቢሰማ አፍራለሁ ወይ? ካፈርኩ ምስጋናውን ትቼ ኪሴን ብፈትሽ ይሻላል።

ሐዘን ላይ ያለ ሰው «በሁሉ አመስግኑ» ሲባል ምን ሊል ነው? ስለ ሞትም ይመሰገናል?

በዚህ ጥቂት ዓመት ውስጥ በአካባቢያችን ሐዘን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። ጥያቄው የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም፤ ድንኳን ውስጥ ነው የሚነሣው። 1ኛ ተሰሎንቄ 5 «በሁሉ አመስግኑ» ይላል። ብዙ ሰው «በሁሉ» እንጂ «ስለ ሁሉ» አይደለም ይልና ይገላገላል፤ በመከራ ውስጥ ሆነህ አመስግን እንጂ ስለ መከራው አላለም ብሎ። ጥሩ መልስ ነው፤ ግን ኤፌሶን 5፥20 ላይ «ስለ ሁሉ» የሚልም አለ። እሱን መዝለል አይሆንም።

ዮሐንስ አፈወርቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ407 በስደት መንገድ ላይ ሲሞት የመጨረሻ ቃሉ «ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔር ይመስገን» እንደነበር ይተረካል። በሽተኛ ነበር፣ ወታደሮች እያዳፉ ይወስዱት ነበር። ግን ልብ በሉ፤ ስለ ራሱ መከራ ነው የተናገረው። ኢዮብም «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ» ያለው ስለ ራሱ ልጆች ነው። ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ መሬት ላይ ሲቀመጡ ደግ ወዳጆች ነበሩ፤ የተበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ስለዚህ ልጇን ለቀበረች እናት «ተመስገን በይ» የማለት መብት ለማናችንም የተሰጠ አይመስለኝም። ቃሉ የእሷ ነው፤ ከመጣ ከእሷ ይምጣ። እኛ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ውሃ እንቀዳለን፣ ማታ ድንኳኑ ውስጥ አብረን እናድራለን።

ሐዘንተኛው ራሳችሁ ከሆናችሁ ደግሞ፣ መዝሙር 13ን ክፈቱ (በግዕዙ ዳዊት 12 ነው)። «አቤቱ፣ እስከ መቼ» እያለ ነው የሚጀምረው። ዳዊት ምስጋናው ላይ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ እናንተም ዛሬ መጀመሪያው ቁጥር ላይ ብትቀሩ ማንም አያባርራችሁም። አንዲት የማኅበራችን እናት ከልጇ ሞት በኋላ ወራት ሙሉ ጽዋ ላይ መጣች፣ ተቀመጠች፣ ጠላዋን ቀመሰች፣ ዝም አለች። ማንም ምንም አላላትም። አንድ ቀን ዳቦው ሲቆረስ «ዳቦው ጥሩ ወጥቷል፣ ተመስገን» አለች። ስለ ዳቦው ነበር። ቢላዋውን የያዘው ሰውዬ ለአፍታ ቆም አለና ሙዳዩን ወደ እሷ አስጠጋ።